ኑዛዜና የንብረት ቈጠራ የሞትን ዘመን ለመገመት እንዴት እንደሚረዱ፤ የስቲቨን ሆፕኪንስ ጉዳይ፣ ፕሊመዝ 1644

አንድ ሰው መቼ እንደ ሞተ ማወቅ በታሪክ ጥናት ውስጥ ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሰውየው የልደትና የሞት መዝገብ ባልተያዘበት ዘመንና አገር የኖረ እንደ ሆነ፣ ጥያቄው ቀን ከመፈለግ አልፎ ማስረጃ ማለት ምን እንደ ሆነ ወደ መመርመር ያደርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ተመራማሪ ሁሉ የሚያንኳኳው አንድ በር አለ፤ ይኸውም የውርስ መዝገብ ነው። የሞተውን ሰው ካህን ባይመዘግበው፣ በመቃብሩም ላይ የተጻፈ ድንጋይ ባይቆም፣ ከብትና መሬት ትቶ የሞተ እንደ ሆነ ወራሾቹና አበዳሪዎቹ ወደ ዳኛ መሄዳቸው አይቀርም። ዳኛ ባለበት ደግሞ ጽሕፈት አለ።

በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። የውርስ መዝገብ የሞትን ቀን አይነግረንም፤ የሚሰጠን ሁለት ወሰን ብቻ ነው። አንደኛው ሰውየው በሕይወት እንደ ነበረ የሚረጋገጥበት የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ ይህን የሕይወት ወሰን እንለዋለን። ሁለተኛው መሞቱ የሚረጋገጥበት የመጀመሪያ ቀን ሲሆን፣ ይህን የሞት ወሰን እንለዋለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ በማስረጃ ማጥበብ የተመራማሪው ሥራ ነው፤ ማስረጃው ባለቀበት ቦታ መቆምም እንደዚሁ የሥራው ክፍል ነው። ብዙ የትውልድ ሐረግ መጻሕፍት የሚሳሳቱት በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ካቋቋሟቸው ቅኝ ግዛቶች አንዱ የሆነውን ፕሊመዝን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ ከእኛ ወራት ጋር እንዳይምታቱም የወራቱን ስም በአውሮፓ አጠራር ትተነዋል።

ሀ. ሰውየውና አገሩ

ስቲቨን ሆፕኪንስ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሐምፕሺር ግዛት፣ አፐር ክላትፎርድ በምትባል መንደር ኤፕሪል 30 ቀን 1581 ክርስትና ተነሣ። በ1609 ወደ ቨርጂኒያ ሲጓዝ ሲ ቬንቸር የተባለችው መርከብ በማዕበል ተመትታ በቤርሙዳ ደሴት ዳርቻ ተሰበረች፤ በዚያም በገዥው ላይ ዐመፅ አነሣሥተሃል ተብሎ ሞት ከተፈረደበት በኋላ በምልጃ ተረፈ። በ1620 ሚስቱን ኤልሳቤጥን፣ ልጆቹንና ሁለት አሽከሮቹን ይዞ ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ወደ ፕሊመዝ ተሻገረ። በአዲሱ ሰፈር ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሆኖ እስከ 1636 ድረስ ከገዥው ረዳቶች መካከል ይቈጠር ነበር።

እንዲህ ያለ የታወቀ ሰው የሞተበት ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። ምክንያቱን ለመረዳት የሁለቱን አገሮች ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ የሆፕኪንስ የመጀመሪያ ሚስት ሜሪ፣ የታወቀ ስም ያልነበራት የገጠር ሴት ብትሆንም፣ በሐርስሊ አጥቢያ ሜይ 9 ቀን 1613 መቀበሯን እናውቃለን። ፕሊመዝን ያቀኑት ሰዎች ግን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ስለ ነበሩ፣ ጋብቻንና ቀብርን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አድርገው አልያዙትም፤ የአጥቢያውን መዝገብም ይዘው አልመጡም። የቅኝ ግዛቱ ጠቅላላ ሸንጎ በየከተማው ጋብቻን፣ ልደትንና ቀብርን የሚመዘግብ ሰው እንዲኖር ያዘዘው በ1646 ነው። ሆፕኪንስ የሞተው ከዚህ ትእዛዝ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊም ቢሆን ክፍተቱን አይሞላውም። ገዥው ዊሊያም ብራድፎርድ በ1651 ገደማ የሜይፍላወርን መንገደኞች ስም እየዘረዘረ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ዕድል ሲጽፍ፣ ሆፕኪንስና ሚስቱ ሁለቱም መሞታቸውን፣ በዚያ ሥፍራ ከሃያ ዓመት በላይ መኖራቸውንና አንድ ወንድና አራት ሴቶች ልጆች መውለዳቸውን ይገልጻል። ብራድፎርድ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ለሆፕኪንስ ኑዛዜ እማኝ የነበረ ሰው ነው። ቢሆንም ቀኑን አልጻፈም፤ ለእርሱ ሐሳብ የቤተሰቡ መብዛትና ማነስ እንጂ የሞቱ ቀን አያስፈልገውም ነበርና።

ለ. ሦስቱ ጽሑፎች

የፕሊመዝ የውርስ ሥርዓት ከእንግሊዝ የመጣ ሲሆን፣ አካሄዱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ባለንብረቱ ጤናው ሲደክም በእማኞች ፊት ይናዘዛል። ከሞተ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ጎረቤቶች ቤቱ ገብተው ከአልጋ ልብስ እስከ ከብት ያለውን ሁሉ እየቈጠሩ ዋጋ ያወጡለታል። በመጨረሻም ኑዛዜውና ቈጠራው ለሸንጎ ቀርበው፣ እማኞቹ ምለው ካረጋገጡ በኋላ ይጸድቃሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ሞት ዙሪያ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀኖች ይገኛሉ፤ ኑዛዜ የተጻፈበት፣ ንብረት የተቈጠረበት፣ ኑዛዜው የጸደቀበት።

የሆፕኪንስ ሦስት ቀኖች እነዚህ ናቸው። ኑዛዜው የተጻፈው ጁን 6 ቀን 1644 ነው። ንብረቱ የተቈጠረው ጁላይ 17 ቀን 1644 ነው። ኑዛዜው በብራድፎርድና በሻምበል ማይልስ ስታንዲሽ መሐላ ለጠቅላላው ሸንጎ የቀረበው ኦገስት 20 ቀን 1644 ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ይገኛል። የሸንጎውን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ሆፕኪንስ ከኦገስት 20 በፊት ሞተ ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ንብረቱ ጁላይ 17 ቀን እንደ ሟች ንብረት ስለ ተቈጠረ፣ የሞት ወሰኑ በ34 ቀን ወደ ፊት ይቀርባል። እንግዲህ የሞቱ ጊዜ በጁን 6ና በጁላይ 17 መካከል ባሉት 41 ቀኖች ውስጥ ይጠበባል።

ኑዛዜው ራሱ ደግሞ ከቀኑ ሌላ ብዙ ነገር ይነግረናል። ተናዛዡ ሰውነቱ እንደ ደከመ፣ አእምሮው ግን የተሟላ እንደ ሆነ ይናገራል። ሬሳው በሟች ሚስቱ አጠገብ እንዲቀበር ይለምናል። ለካሌብ ቤቱንና መሬቱን፣ ለጃይልስ በሌላ ሰው እጅ ያለውን ትልቅ ኮርማ፣ ለኮንስታንስ ባዝራውን ይሰጣል። ለአራቱ ታናናሽ ሴቶች ልጆች ላሞቹን በየስማቸው እየጠራ ያከፋፍላል፤ ለዲቦራ ቀንደ ሰፊዋን ጥቁር ላም ከነጥጃዋ፣ ለሩት ሬድ ኮል የምትባለውን፣ ለኤልሳቤጥ ስማይኪንስ የምትባለውንና ጭራ የሌላትን የዓመት ጊደር ያወርሳል። ሞትሊ የተባለችው ላም ደግሞ ለዲቦራና ለደማሪስ እኩሌታ እኩሌታ ትደርሳለች። የከብትን ነገር የሚያውቅ አገር ሰው ይህን ሲያነብ የቤቱን ኑሮ በዐይኑ ያያል።

ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። በኑዛዜው ውስጥ በስም የተጠሩት ልጆች ጁን 6 ቀን 1644 አባታቸው በሕይወት እንዳሉ የሚያውቃቸው ናቸው። እንዲሁም ሚስቱ ኤልሳቤጥ ከዚያ ቀን በፊት መሞቷ የሚታወቀው ባሏ በአጠገቧ ለመቀበር ስለ ለመነ ነው። ያገባች ሴት በዚያ ሕግ የራስዋ የሆነ የሚወረስ ንብረት ስላልነበራት፣ ለኤልሳቤጥ ሆፕኪንስ ኑዛዜም ቈጠራም አልተጻፈላትም። ስለዚህ አንድ ኑዛዜ የሚያገለግለው ለተናዛዡ ሞት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ላሉት ሰዎች ሕይወትና ሞትም ወሰን ይሰጣል።

ሐ. ከቈጠራው ቀን ወደ ኋላ መቍጠር ይቻላልን?

አርባ አንድ ቀን የቀረው ተመራማሪ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው መካከሉን መያዝ ነው። ከጁን 6 እስከ ጁላይ 17 ያለው መካከል ጁን 26 ገደማ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ቀን የሒሳብ ውጤት እንጂ ማንም እማኝ ያየው አይደለም። ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ብልህ ይመስላል፤ ንብረት የሚቈጠረው ሰው በሞተ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው ብሎ ከቈጠራው ቀን ላይ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መቀነስ ነው። ይህ አሳብ ትክክል መሆኑን ለመፈተን የሞታቸው ቀን በሚታወቅ በሁለት ሰዎች ላይ እንሞክረው፤ ሁለቱም ለሆፕኪንስ ኑዛዜ እማኝ የሆኑት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ዊሊያም ብራድፎርድ የሞተው ሜይ 9 ቀን 1657 ነው። ኑዛዜውን በቃሉ የተናገረው በዚያው ዕለት ነው። ንብረቱ የተቈጠረው ሜይ 22 ቀን ሲሆን፣ ኑዛዜው ለሸንጎ የቀረበው ጁን 3 ቀን ነው። ስለዚህ ከኑዛዜ እስከ ሞት አንድ ቀን እንኳ አላለፈም፤ ከሞት እስከ ቈጠራ 13 ቀን፣ ከሞት እስከ ሸንጎ 25 ቀን አለፈ።

ማይልስ ስታንዲሽ የሞተው ኦክቶበር 3 ቀን 1656 ነው። ኑዛዜውን የጻፈው በዚያው ዓመት ማርች 7 ቀን ነበር። ንብረቱ የተቈጠረው ዲሴምበር 2 ቀን ሲሆን፣ ኑዛዜው ለሸንጎ የቀረበው ሜይ 4 ቀን 1657 ነው። ስለዚህ ከኑዛዜ እስከ ሞት 210 ቀን፣ ከሞት እስከ ቈጠራ 60 ቀን፣ ከሞት እስከ ሸንጎ ሰባት ወር አለፈ።

ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቅኝ ግዛት፣ በአንድ ሕግ ሥር፣ በስምንት ወር ውስጥ የሞቱ ናቸው። ሁለቱም ከሕዝቡ መሪዎች ስለ ነበሩ የቸልታ ወይም የድኽነት ምክንያት ሊሰጥ አይችልም። ሆኖም የአንደኛውን ልክ በሁለተኛው ላይ ብናደርግ፣ ከስታንዲሽ ቈጠራ ላይ 13 ቀን ቀንሰን ኖቬምበር 19 ቀን ሞተ በማለት ከእውነተኛው ቀን በ47 ቀን እንርቃለን። ከዚህ የምንረዳው በሞትና በቈጠራ መካከል የተወሰነ ልክ እንደሌለ ነው።

በዚህ ላይ ሕጉን አምጥቶ የሚከራከር ይኖራል። በእርግጥ የፕሊመዝ ሸንጎ በ1633 ባወጣው ደንብ ኑዛዜ ተናዛዡ በሞተ በአንድ ወር ውስጥ በገዥውና በአማካሪዎቹ ፊት እንዲጸድቅ፣ ቈጠራውም አብሮ እንዲቀርብ አዝዞ ነበር። ይህ ደንብ በትክክል ተፈጽሟል ብንል፣ ሆፕኪንስ ኑዛዜው ኦገስት 20 ቀን ስለ ጸደቀ ከጁላይ 20 በፊት ሊሞት አይችልም። ነገር ግን ንብረቱ ጁላይ 17 ቀን እንደ ሟች ንብረት ተቈጥሯል። ስለዚህ ደንቡ በሆፕኪንስ ጉዳይ ላይ እንደ ተጻፈው አለመፈጸሙን የራሱ መዝገብ ይመሰክራል። የስታንዲሽ ሰባት ወርም ይህንኑ ያጠናክራል። ሸንጎው የሚሰበሰበው በተወሰነ ጊዜ ስለ ነበረ፣ ጉዳዩ የሚቀጥለውን ስብሰባ መጠበቅ ነበረበት። ሕግ ሊደረግ የሚገባውን ይነግረናል፤ የተደረገውን የሚነግረን ግን መዝገቡ ነው።

የብራድፎርድ ጉዳይ ሌላም ጥንቃቄ ያስተምረናል። አንድ ሰው በተናዘዘበት ቀን ሊሞት ስለሚችል፣ የሕይወት ወሰኑ የኑዛዜውን ቀን ራሱን ይጨምራል። ስለዚህ የሆፕኪንስ ሞት ከጁን 6 በኋላ ነው ማለት አይበቃም፤ ጁን 6 ወይም ከዚያ በኋላ መባል አለበት።

መ. በኑዛዜ ላይ የተጻፈው ቀን ምን ማለት ነው?

እስካሁን ኑዛዜ የተጻፈበት ቀን ተናዛዡ በሕይወት የነበረበት ቀን ነው ብለን ተቀብለናል። ይህም ቢሆን በያንዳንዱ ጉዳይ መመርመር አለበት። ከሜይፍላወር መንገደኞች አንዱ የሆነው ዊሊያም መሊንስ በመጀመሪያው ክረምት በፕሊመዝ ሞተ። ቶማስ ፕሪንስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1736 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከብራድፎርድ የእጅ ማስታወሻ እየጠቀሰ፣ መሊንስ የሞተው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1621 መሆኑን ይገልጻል። በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ የውርስ ፍርድ ቤት የተገኘው የመሊንስ ኑዛዜ ግን ኤፕሪል 2 ቀን 1621 የሚል ቀን አለበት። ሰውየው ከሞተ ከ40 ቀን በኋላ ተናዘዘ ማለት ነውን?

ነገሩ የሚፈታው ጽሑፉ ለምን እንደ ተጻፈ ሲታወቅ ነው። የመሊንስ ኑዛዜ ለመጀመሪያው ገዥ ለጆን ካርቨር በቃል የተነገረ ነው። ሜይፍላወር ወደ እንግሊዝ ልትመለስ በተነሣችበት በኤፕሪል መጀመሪያ ኑዛዜው ተገልብጦ፣ ካርቨር፣ የመርከቢቱ አለቃ ክሪስቶፈር ጆንስና ጃይልስ ሂል የተባለው ሰው ፈርመውበት ተላከ። በጁላይ 23 ቀን 1621 የውርሱ ሥልጣን በእንግሊዝ ለቀረችው ለልጁ ለሣራ ተሰጠ። እንግዲህ ኤፕሪል 2 የግልባጩ ቀን እንጂ የመናዘዣው ቀን አይደለም። በቃል የተነገረ ኑዛዜ እማኞቹ ከጊዜ በኋላ የሚያስጽፉት በመሆኑ፣ በላዩ ያለው ቀን ሁልጊዜ በጥርጣሬ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የቃል ኑዛዜን ከጽሑፍ ኑዛዜ ለይቶ ስለሚያውቀው፣ ልዩነቱ ለሕግ ተማሪዎቻችን እንግዳ አይሆንም።

ለሆፕኪንስ ኑዛዜ ይህ ችግር የለም። ኑዛዜው የተጻፈው ተናዛዡ ራሱ በሚናገርበት መልክ ሲሆን፣ እማኞቹም በቦታው የነበሩና በኋላ በሸንጎ ምለው ያረጋገጡ ናቸው። የጁን 6 ወሰን የጸና ነው።

ሁለተኛው መሰናክል የዘመን አቈጣጠር ነው። በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ይሠራበት የነበረው የዩልዮስ አቈጣጠር ነው። አዲሱ ዓመት በሕግ የሚገባው ማርች 25 ቀን ስለ ነበረ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያሉት ቀኖች በአሮጌው ዓመት ይጻፉ ነበር። የስታንዲሽ ኑዛዜ በዋናው ጽሑፍ ላይ የተጻፈው ማርች 7 ቀን 1655 ተብሎ ነው፤ በዛሬው አቈጣጠር ግን ዓመቱ 1656 ነው። ይህን ያልተገነዘበ አንባቢ በኑዛዜና በሞት መካከል ያለውን ሰባት ወር ወደ አሥራ ዘጠኝ ወር ያስረዝመዋል። ከዚህም ጋር ወሩ ብዙ ጊዜ በስም ሳይሆን በቍጥር ይጻፍ ስለ ነበረ፣ ሦስተኛው ወር የተባለው ማርች ሳይሆን ሜይ ነው። በተጨማሪም በዚያ ምዕት ዓመት የዩልዮስ አቈጣጠር ከጎርጎርዮስ አቈጣጠር በአሥር ቀን ወደ ኋላ የቀረ ነበር። ይህን ልዩነት በአንደኛው ወሰን ላይ ብቻ አስተካክሎ ሁለተኛውን እንዳለ መተው የቀኖቹን ብዛት ያዛባል፤ ወይ ሁለቱም ይለወጣሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳሉ ይቀራሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት እየጨመረ የኢትዮጵያን ዘመን ወደ አውሮፓ ዘመን መለወጥ የለመደ አንባቢ የነገሩን ክብደት ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ሠ. ኑዛዜ ሳይኖር ቈጠራ ብቻ ሲገኝ

ሳይናዘዝ የሞተ ሰው የሞት ወሰን እንጂ የሕይወት ወሰን ከውርስ መዝገብ አያገኝም። ስለዚህ የሕይወት ወሰኑን ከሌላ መዝገብ መፈለግ ያስፈልጋል። ፒተር ብራውን የተባለው የሜይፍላወር መንገደኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ንብረቱ የተቈጠረው ኦክቶበር 10 ቀን 1633 ነው፤ ኑዛዜ የለውም። ነገር ግን ማርች 25 ቀን 1633 በተጻፈው የግብር መዝገብ ላይ ስሙ ይገኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማርች 27 ቀን በተጻፈው ላይ ግን በስሙ ፈንታ ሚስቱ ናት የምትገኘው። ስለዚህ ሞቱ በ199 ቀኖች ውስጥ ይወሰናል።

ይህን ሰፊ ጊዜ ለማጥበብ የሚጋብዝ ነገር አለ። ብራድፎርድ በ1633 በፕሊመዝ የሚተላለፍ የንዳድ በሽታ ገብቶ ከሃያ ሰው በላይ መሞቱን፣ ከሟቾቹም አንዱ ሐኪማቸው ሳሙኤል ፉለር መሆኑን ጽፏል። የፉለር ኑዛዜ ጁላይ 30 ቀን ተጽፎ ኦክቶበር 28 ቀን ጸደቀ። የፍራንሲስ ኢተን ንብረት ደግሞ ኖቬምበር 8 ቀን ተቈጠረ። በአንድ በጋና በልግ መካከል ይህን ያህል የውርስ መዝገብ መከማቸቱ በሽታው የጸናበትን ጊዜ ስለሚያመለክት፣ ብራውንም ከማርች ይልቅ ወደ ኦክቶበር ቀርቦ ሞተ ማለት አሳማኝ ግምት ነው። ነገር ግን ግምቱ በግምትነቱ መጻፍ አለበት። ወሰኑ ማርች 25ና ኦክቶበር 10 ሆኖ ይቀራል፤ ግምቱ ከነምክንያቱ በአጠገቡ ይቀመጣል። ወሰንን ከግምት ጋር አደባልቆ የሚጽፍ ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ የትኛው ማስረጃ የትኛው አሳብ እንደ ሆነ ይሰውርበታል።

ረ. ቈጠራ ኖሮ ሞት ያልተረጋገጠባት ልጅ

በመጨረሻ ወደ ሆፕኪንስ ቤት እንመለስ። አባቱ በኑዛዜው፣ ከአራቱ ሴቶች ልጆች አንዲቱ ሳታገባ ብትሞት ድርሻዋ ለተረፉት እኩል እንዲከፈል አዝዞ ነበር። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የሞት ቀን የሐረግ ጸሐፊዎች የማወቅ ጕጕት ብቻ አልነበረም። ማን ከማን ቀደመ የሚለው ነገር ማን ምን እንደሚወርስ የሚወስን የሕግ ጥያቄ ነበር።

ጥያቄው የመጣው በኤልሳቤጥ ላይ ነው። አባትዋ በሞተ ጊዜ ገና ልጅ ስለ ነበረች ለሌላ ቤተሰብ በአሳዳጊነት ተሰጠች። በ1659፣ አባትዋ ከሞተ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ የኤልሳቤጥ ከብትና ዕቃ ተቈጥሮ ዋጋ ወጣለት። ነገር ግን መዝገቡ ሞተች አይልም፤ ኤልሳቤጥ ሆፕኪንስ ከእንግዲህ የማትመጣ ከሆነ በሚል ቃል ታስሮ የተጻፈ ነው። ልጅቱ ከአካባቢው ርቃለች፤ ወዳጆችዋ መመለሷን አላወቁም፤ ንብረትዋ ግን እንዲጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህ መዝገብ የጥናታችንን ደንብ ራሱን ይፈትነዋል። ንብረት የተቈጠረበት ቀን የሞት ወሰን ነው ብለን ነበር። በአባትዋ፣ በብራድፎርድ፣ በስታንዲሽና በብራውን ላይ ይህ ትክክል ነው፤ የእነርሱ ቈጠራ በግልጽ የሟች ንብረት ቈጠራ ነውና። በኤልሳቤጥ ላይ ግን አይሠራም። የመዝገቡን ማውጫ ብቻ አይቶ ኤልሳቤጥ ሆፕኪንስ ከ1659 በፊት ሞተች ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ በዘመኑ የነበሩት ጎረቤቶችዋ እንኳ ሊሉት ያልደፈሩትን ነገር በእነርሱ ስም ይናገራል። መጻፍ የሚቻለው አባትዋ ጁን 6 ቀን 1644 በሕይወት እንዳለች መናገሩ፣ በ1659 ደግሞ አለመኖሯ መታወቁ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትናቸው ጉዳዮች የሚከተለውን አሠራር ማውጣት ይቻላል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ጽሑፍ በማን፣ ለምን ተግባርና በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ ይመርመር፤ ማውጫና ቅንጭብ የዋናውን ጽሑፍ ቦታ አይተካም። ሁለተኛ፣ የኑዛዜ ቀን ለሕይወት ወሰን የሚያገለግለው ተናዛዡ ራሱ በዚያ ቀን እንደ ተናገረ ሲረጋገጥ ነው። ሦስተኛ፣ ቈጠራ ከኑዛዜ መጽደቅ ይልቅ ወደ ሞት የቀረበ ወሰን ይሰጣል፤ ነገር ግን ከሞት ምን ያህል እንደሚርቅ በአንድ ልክ አይታወቅም። አራተኛ፣ የውርስ መዝገብ የጐደለውን ወሰን የግብር መዝገብ፣ የመሬት ውልና የሸንጎ ጉዳይ ሊሞላው ይችላል። አምስተኛ፣ ግምት ከወሰኑ ተለይቶ ከነምክንያቱ ይጻፍ።

በዚህ መሠረት ስለ ጥያቄያችን ባለቤት መጻፍ የሚገባው ቃል ይህ ነው፤ ስቲቨን ሆፕኪንስ በፕሊመዝ፣ በዩልዮስ አቈጣጠር ጁን 6 ቀን 1644 ወይም ከዚያ በኋላ፣ ጁላይ 17 ቀን 1644 ወይም ከዚያ በፊት ሞተ። አንድ ቀን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ በዚህ ላይረካ ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ቀኖች እማኝ የቆመላቸው ናቸው፤ ነገ አንድ አዲስ ውል ወይም ደብዳቤ ቢገኝም የሚያጠባቸው እንጂ የሚያፈርሳቸው አይሆንም። በመካከላቸው በግምት የተመረጠ አንድ ቀን ግን፣ ከአንድ መጽሐፍ ወደ ሌላው በተገለበጠ ቍጥር እውነት እየመሰለ ይሄዳል፤ ከሦስት ትውልድ በኋላም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው አይገኝም።